በሐስና የተማለበት ዘይት

ማክሰኞ ጠዋት አባቴን አሳፍሬ ከምንኖርባት ከሹና ወደ ሰልጥ ከተማ የሚያወጣውን ዳገት ስያያዘው፣ ከምንጩ አልፎ ባለው ሦስተኛ ኩርባ ላይ ሞተሩ ውስጥ አንድ ነገር «ድው!» አለ። አንዴ ብቻ። ብረት በመዶሻ የመቱት ይመስል ነበር። መኪናዋ ምንም እንዳልተፈጠረ መውጣቷን ቀጠለች፤ የኔ ልብ ግን እዚያው ኩርባው ላይ ወድቆ ቀረ።

«ሰማሽ?» አለ አባቴ።

«ሰማሁ።»

«የኔ ኩላሊት እንደሆነ ድምፅ ካቆመ ቆይቷል። እንግዲህ ያንቺ መኪና ናት።»

አባቴ ሐጅ ሙፍሊህ በሕመሙ መቀለድ ከጀመረ ሦስት ዓመቱ ነው። ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ሰልጥ ሆስፒታል እወስደዋለሁ፤ አራት አራት ሰዓት ደሙን ያጥቡለታል። አንድ ቀን ቢቀር እግሩ ያብጣል፤ ሁለት ቀን ቢቀር ትንፋሽ ያጥረዋል። ሦስተኛ ቀን ቢቀር ምን እንደሚሆን ሐኪሙም አልነገረኝ፣ እኔም አልጠየቅሁ። ይቺን ባለቱርቦ ትንሽ የኮሪያ መኪና የገዛነው የሙዝ ማሳችንን ሸጠን ነው። ሌላ ማሳ የለንም።

አንዲት «ድው» ያስደነገጠችኝ ያለ ነገር አይደለም። የጎረቤታችን የመምህርት ኢንሻራህ መኪና ከኔዋ የምትለየው በቀለም ብቻ ነው። ባለፈው ወር እዚሁ ዳገት ላይ ሦስት ቀን እንዲሁ ድው ድው ስትል ሰነበተችና በአራተኛው ቀን ፒስቶኗ ተሰበረ። አሁን በር ላይ ቆማ የጎረቤት ድመት ትወልድባታለች።

ከሰሞኑ የተለወጠ ነገር ቢኖር ዘይቷ ብቻ ነው። እስከዚያ ድረስ የሸጡልን ሰዎች ዋና ከተማው አማን ላይ ይቀይሩልን ነበር። የዋስትናው ጊዜ ሲያልቅ ግን የእህቴ የሐስና ባል ጋሊብ፣ የሹናው መካኒክ፣ «አማች እያለሽ አማን ድረስ ትሄጃለሽ?» ብሎ መኪናዋን ጋራዡ አስገባና ሃያ-ሃምሳ የሚሉትን ወፍራም ዘይት ሞላላት። በኛ ሸለቆ በጎር ሁሉም መኪና ሃያ-ሃምሳ ነው የሚጠጣው። አገራችን ከባሕር ወለል በታች ነው፤ በሐምሌ ሰው የሚሄደው ከጥላ ወደ ጥላ እየሮጠ ነው። «ቀጭን ዘይት እዚህ ውሃ ይሆናል» የሚለውን ነገር ከአባቶቻችን ትራክተር ጋር አብረን ወረስነው። እኔም የዚያን ዕለት ዝም አልኩ። ዝም ማለቴ ዛሬም ያናድደኛል።

የሚያናድደኝ መድኃኒት ቤት የምሠራ ሰው ስለሆንኩ ነው። በሃያ ዓመት ሥራ የተማርኩት አንድ ነገር ቢኖር የካርቶኑ ፊት ለሻጭ፣ ጀርባው ለበሽተኛ መጻፉን ነው። እና የአባቴ ደም እየታጠበ ሳለ የመኪናዋን መመሪያ መጽሐፍ ከመሳቢያው አወጣሁና ከአልጋው አጠገብ ተቀምጬ ስለ ዘይት የሚያወራውን ገጽ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሙሉ ሲንተቲክ፣ ማለትም በፋብሪካ የተቀመመ፣ ይላል። አምስት-ሠላሳ፣ ያ ቀጭኑ፣ ይላል። ከጀርባው ላይ ኤስ ፒ የሚሉ ሁለት ፊደላት ይኑሩት ይላል። የሙቀት ሠንጠረዡንም አየሁት፤ ለኛ ዓይነቱ ሙቀትም ያው አምስት-ሠላሳ ነው።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» አለኝ አባቴ ዓይኑን ገለጥ አድርጎ። «አንቺ ደግሞ ወረቀቱን ይዘሽዋል፤ ምን ጉድ ይመጣ ይሆን?»

እሱን ለነርሷ አደራ ብዬ የገበያውን ደረጃ ወረድኩ። አቡ ጂርየስ የሚባል ሽማግሌ ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር የመኪና ዘይት ይሸጣል። ባለቱርቦ መኪና እንዳለኝ ስነግረው ወዲያው የእሽቅድምድም መኪና የተሣለበት ቀይ ጠርሙስ አወረደ።

«ለቱርቦ ንጉሡ ይሄ ነው!»

ጠርሙሱን አዙሬ ጀርባውን አነበብኩ። ዐሥር-ስድሳ፣ ከጋሊብ ዘይትም የወፈረ ነው። መለስኩለት። ሁለተኛ አወረደ፤ ይሄኛው አምስት-ሠላሳ ነው፣ ፊደላቱ ግን ኤስ ፒ ሳይሆን የድሮዎቹ ናቸው። እሱንም መለስኩ። አቡ ጂርየስ መነጽሩን ከግንባሩ ወደ ዓይኑ አወረደና ደህና አድርጎ አየኝ።

«አንቺ ልጅ ከጀርባ ነው እንዴ የምታነቢው?»

«መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው።»

«እንደሱ ንገሪኝ እንጂ! ተቀመጪ።» ወንበር ሳበልኝ። «መኪናሽ ዳገት ላይ ድው ትላለች አይደል? ቀስ እያለች፣ አንቺ ግን ነዳጁን ረገጥ ስታደርጊ?»

«በምን አወቅህ?»

«ያንቺ ዓይነት መኪና የያዘ ሁሉ እዚህ እየመጣ ነው የሚያለቅሰው። ስሚኝ። የዱሮው ሞተር ነዳጁን ከውጭ ከአየር ጋር ቀላቅሎ ነው የሚያስገባው። ያንቺው በቀጥታ ሲሊንደሩ ውስጥ ይረጨዋል፤ ቱርቦው ደግሞ አየሩን ከላይ ጠቅጥቆ ይጨምርበታል። ዳገት ላይ ጭነት ሲበዛ ጠብታ ዘይት እዚያ ውስጥ ይገባና እሳቱ ሳይጠራ ራሷ ትቀጣጠላለች። ድው ያለችው እሷ ናት። ያልሆነ ዘይት ቶሎ ይቀጣጠላል፤ ኤስ ፒ የተባለው ግን ለዚህ ነገር ተፈትኖ ነው ያለፈው።»

«ወፍራም ቢሆንስ? ጎር እኮ ነው የምኖረው።»

«ወፍራሙን ለአባትሽ ትራክተር አጠጪው። ቱርቦ በሰከንድ ከሁለት ሺህ ጊዜ በላይ የሚዞር ነገር ነው። ጠዋት ስታስነሺ እንደ ማር የወፈረ ዘይት እስኪደርስለት ቁጭ ብሎ አይጠብቅም፤ ይቃጠላል እንጂ። ሙቀቱን የሚችለው ሲንተቲክነቱ ነው፣ ውፍረቱ አይደለም።» ሦስተኛውን ጠርሙስ አወረደና ጀርባውን ወደኔ አዙሮ ሰጠኝ። «እስክትቀይሪው ድረስ ማርሽ ቀንሰሽ ውጪ። ዳገት ላይ አታስጨንቂያት።»

አምስት-ሠላሳ። ኤስ ፒ። ሙሉ ሲንተቲክ። ባለ አራት ሊትሩን፣ ባለ አንድ ሊትሩንና አዲስ የዘይት ማጣሪያ ፊልትሮ ይዤ ወጣሁ። ደስ አለኝ፤ ነገሩ አለቀ ብዬ ነበር።

ከሰዓት በኋላ አባቴን ቤት አድርሼ ጋሊብ ጋራዥ ደረስኩ። ሦስት ሰዎች የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ። የበኩር ልጁ ዲራር ስለሆነ ጋሊብን ሰው ሁሉ አቡ ዲራር ነው የሚለው። ጠርሙሱን ተቀበለኝና ከፍቶ ጣቱን ነከረበት።

«ምንድን ነው ይሄ? የሳል ሽሮፕ ነው?»

ሰዎቹ ሳቁ።

«የመኪናዋ መጽሐፍ ያዘዘው ነው፣ አቡ ዲራር። ዳገት ላይ ድው ማለት ጀምራለች፤ ያኛውን አፍስስና ይሄን ሙላልኝ።»

«መጽሐፉን የጻፈው ኮሪያዊ ሐምሌን ጎር አሳልፏል?»

«አላሳለፈም። አንተስ ሞተሩን ሠርተኸዋል?»

«አንቺ እህቴ ኪኒንሽን ሽጪ። እኔ ገና ጢም ሳላበቅል ጀምሮ እጄ ዘይት ውስጥ ነው። ይሄ ነገር ሙቀት ሲያገኘው ውሃ ነው፤ ሞተርሽን ደረቅ ለደረቅ ያፋጨዋል!»

እዚህ ላይ ዝም ብል ኖሮ ሻይ ጠጥተን፣ ለብቻው አስረድቼው፣ ምናልባትም እሺ ይለኝ ነበር። ጋሊብ ክፉ ሰው አይደለም። አባቴን ስንት ጊዜ ተሸክሞ ደረጃ አውርዶታል። ግን ሰዎቹ እየሳቁ ነበር፤ እኔም እልኸኛ ነኝ።

«እሺ አቡ ዲራር፣ የኢንሻራህን መኪና ዘይት የቀየረው ማን ነበር?»

ሳቁ ቀጥ አለ። አንዱ ሰውዬ ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀመጠ። የጋሊብ ፊት እንደ ቲማቲም ቀላ።

«ስሙኝ!» አለ ወደ ሰዎቹ ዞሮ። «ይሄ ውሃ እዚህች መኪና ውስጥ ከገባ ሐስና በሦስት ፍቺ ከኔ የተፈታች ትሁን!»

በኛ ዘንድ ወንዶች በሚስታቸው ፍቺ ይምላሉ፤ «በሦስት» ካሉ ደግሞ መመለሻ የሌለው ፍቺ ነው። እንግዳ «ምሳ ሳልበላ ልሂድ» ሲል እንኳን «ሚስቴ ትፈታ፣ አትሄዳትም!» ይሉታል። እንግዳውም ይቀመጣል፤ የሰው ትዳር የማፍረስ ነገር ማን አንገቱ ላይ ያደርጋል? ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። እና ጋሊብ በአንድ አረፍተ ነገር የእህቴን ትዳር ከኔ ሞተር ላይ አሰረው።

ረቡዕ ዕለት ሹና ውስጥ ያሉትን ሌሎች ሁለት መካኒኮች ጠየቅሁ። መሐላው ከኔ ቀድሞ ደርሷቸዋል። አንደኛው ጠርሙሱን እያገላበጠ «ዘይቱ ጥሩ ነው እህቴ፤ መሐላው ነው መጥፎ» አለኝ። ሁለተኛው በሩን ገርበብ አድርጎ «በእጄ የሰው ቤት አላፈርስም» ብሎ ገባ።

ቤት ስመለስ አባቴ ሁሉንም ሰምቶ ጠበቀኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ አልቀለደም።

«ተዪው ልጄ። በአውቶቡስ እሄዳለሁ።»

አውቶቡሱ መናኸሪያ ነው የሚያወርደው፤ ከመናኸሪያው እስከ ሆስፒታሉ ዳገት ነው። ከእጥበቱ ሲወጣ እንኳን ዳገት ሊወጣ የጫማውን ማሰሪያ ማሰር አይችልም። «አባዬ፣ በአውቶቡስ የምትሄደው እኔ ስሞት ነው» አልኩትና ጠርሙሶቹን አልጋዬ ሥር አስገባኋቸው።

ሐሙስ አቡ ጂርየስ እንዳለኝ ማርሽ ቀንሼ ወጣሁ። የቲማቲም መኪና እንኳን ጥሩምባ እየነፋ ቀደመኝ። እንዲያም ሆኖ ሁለት ጊዜ ድው አለች። ሁለተኛዋ መሪውን በእጄ ውስጥ አርገፈገፈችው። አባቴ በመስኮት ወደ ገደሉ እያየ ቁርኣን ይቀራ ነበር፤ እኔ በሆዴ እቆጥራለሁ። የኢንሻራህ መኪና በአራተኛው ቀን ነው የተሰበረችው። ቅዳሜ ደግሞ ከማክሰኞ አምስተኛው ነው፤ ከዚያ በፊት ዘይቱ መቀየር አለበት።

ከሰልጥ ስንመለስ አባቴን አስተኝቼ በቀጥታ ሐስና ቤት ሄድኩ። ታናሼ ናት። በረንዳ ላይ ተቀምጣ ሙሉኺያ የሚባለውን የወጥ ቅጠል ትቀነጥባለች።

«ነገ ዘይቱን ልቀይር ነው» አልኳት ሳልቀመጥ። «ራሴ ነኝ የምቀይረው። ካንቺ ሳልሰማ ግን አላደርገውም።»

ቅጠሉን መቀንጠቧን አላቆመችም። «መኪናዋ ድው እንደምትል ነግረሽዋል?»

«ነግሬዋለሁ።»

«አይሰማም።» ከዚያ ቅጠሉን ከነሰፌዱ ገፋችው። «ዐሥራ አራት ዓመት ሙሉ ሩወይዳ! እንግዳ አልበላም አለ፣ ሐስና ትፈታ። ኳሱ ጎል አልነበረም፣ ሐስና ትፈታ። የፍየሏ ዋጋ አይቀነስም፣ ሐስና ትፈታ። በገበያ ያልተፈታሁበት ቀን የለም። ከዚህ ሁሉ ሰው ‹ሐስና አንቺስ ምን ትያለሽ?› ብሎ የጠየቀኝ የለም። መጥተሽ የጠየቅሽኝ አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ።»

«እና ምን ትያለሽ?»

መልስ ከመስጠቷ በፊት ወደ ቤቱ ውስጥ አየች። የልጆቿ ቦርሳዎች በር ላይ ተደርድረዋል። ያን ጊዜ ጋራዥ ውስጥ የተናገርኩትን ነገር መልሼ ብውጠው በወደድኩ።

«አባዬ እኮ ያንቺ ብቻ አይደለም» አለች። «ነገ ስንት ሰዓት ነው?»

ዓርብ ከቀትር በፊት መኪናዋን ወስጄ ከቤታችን ጀርባ በደረቀው የመስኖ ቦይ ላይ አቆምኳት፤ ሁለቱ ጎማ ከወዲህ፣ ሁለቱ ጎማ ከወዲያ። እኔ በቦዩ ውስጥ በጀርባዬ ተንሸራትቼ ገባሁ። አባቴ የትራክተሩን መፍቻዎች በጨርቅ ጠቅልሎ ይዞ መጣና ወንበር ላይ ተቀምጦ ያዝዝ ጀመር።

«ወደ ግራ! ወደ ግራ ፍቺ እንጂ!»

«የማን ግራ አባዬ?»

«የጤነኛ ሰው ግራ!»

ቡሎኑ ሲለቅ ዘይቱ እጄን አቃጠለኝ። የአሥራ አምስት ቀን ዘይት እንደ ዓመት ዘይት ጠቁሮ ወረደ። ፊልትሮውን ፈታሁ፣ አዲሱን አሰርኩ፣ ቡሎኑን መልሼ አጠበቅሁ። ከቦዩ ስወጣ ሐስና ቆማለች። የዓርብ ልብሷን ለብሳ፣ ጓንቲ አድርጋለች። የውሃ ጠርሙስ አንገቱን ቆርጣ ማፍሰሻ አድርጋዋለች።

ባለ አራት ሊትሩን ላነሳ ስል እጄን ያዘችኝ።

«አንቺ አይደለሽም» አለች። «የተማለብኝ እኔ ነኝ።»

ሶላት አልቆ ሰዎች ከመስጊድ ሲመለሱ መንገዳቸው በቤታችን ጀርባ ነው። ከፊት ሼኽ ነውፋን ኢማሙ፣ ከኋላቸው አምስት ስድስት ሰው፣ በመካከላቸው ጋሊብ። ጋሊብ የተከፈተውን ኮፈን አየ፤ ቀጥሎ ሚስቱን አየ።

«ሐስና!»

ሐስና ማፍሰሷን አላቆመችም። ዘይቱ እንደ ወይራ ዘይት እየጠራ፣ ሳይቆራረጥ ይወርዳል። ጠርሙሱ እስኪያልቅ ጠበቀችና አስቀምጣ ወደ ባሏ ዞረች።

«ዘይቱ ገብቷል አቡ ዲራር። የገባው ደግሞ በእጄ ነው። አሁን ንገረኝ፤ ልብሴን ልሰብስብ ወይስ ወደ ቤታችን ልሂድ?»

የጋሊብ ላብ በሻሹ ሥር ይወርዳል። ያን ያህል ያዘንኩለት ጊዜ ትዝ አይለኝም፤ ያን ያህል የጠላሁትም ጊዜ የለም።

«ስትምል ሚስትህን መፍታት አስበህ ነበር?» አሉት ሼኽ ነውፋን።

«እኔ? በአላህ! ሐስናን?» ድምፁ ተሰበረ። «ይቺን እልኸኛ ዝም ላሰኝ ብዬ ነው እንጂ!»

«እንግዲያው ፍቺ የለም፤ የመሐላ ዕዳ አለብህ። ዐሥር ድሆች ታበላለህ። ሁለተኛ በዚህች ልጅ ስትምል ብሰማ ደግሞ በዓርብ ስብከቴ ላይ ስምህን ነው የምጠራው።»

«የምታበላው አንተ ነህ» አለች ሐስና። «ድስቱን የምትጥደውም አንተ ነህ። እኔ ሽንኩርት እንኳን አልከትፍልህም።»

አባቴ ከሁሉም ቀድሞ ሳቀ፤ ሰዎቹ ተከተሉት። ጋሊብ አልሳቀም። ወደ መኪናዋ መጣ። እኔ ሊገፋን መስሎኝ ኮፈኑ ፊት ቆምኩ። በትከሻዬ በኩል እጁን አሳልፎ የዘይት መለኪያዋን ዘንግ መዘዘ፣ በነጩ የዓርብ ቀሚሱ ጠረገው፣ መልሶ ከትቶ አወጣውና ወደ ብርሃኑ አነሳው። ረጅም ጊዜ አየው።

«ይጎድላል» አለ ቀስ ብሎ። «ሩብ ሊትር ያህል ይጎድላል።»

ባለ አንድ ሊትሩን አንስቶ ከፈተና ጨመረ፤ እየለካ፣ እየጨመረ፣ እየለካ፣ ምልክቱ ላይ እስኪደርስ።

ቅዳሜ ጠዋት አባቴን ሳሳፍር የኋላው በር ተከፈተና ጋሊብ ገባ። አልጠራሁትም፤ እሱም ምክንያቱን አልነገረኝ። ምንጩን አለፍን፣ አንደኛውን ኩርባ፣ ሁለተኛውን። ሦስተኛው ላይ ስንደርስ ማርሽ ልቀንስ ስል ከኋላዬ «አትቀንሺ» አለኝ። «ርገጪው።»

ረገጥኩት። ጆሮዬ ሁሉ ሞተሩ ውስጥ ገባ። መኪናዋ ወጣች፤ ወጣች፤ ከኮፈኑ ሥር ከሞተሩ ጉርምርምታ በቀር ምንም የለም። ዓይን እንዳይበላን ፈርተን ማናችንም አልተናገርንም። ሌሎቹንም ዳገቶች ሁሉ እንደዚያው አስረገጠኝ፤ የሰልጥ ቤቶች እስኪታዩ ድረስ።

ሆስፒታሉ በር ላይ ነርሷ አባቴን ተቀብላው ገባች። ጋሊብ ግን ከመኪናዋ አልወረደም። ከኪሱ የሲጋራ ፓኮ አወጣ፤ ሊያጨስ መስሎኝ መስኮቱን አወረድኩ። ፓኮውን ከእስክርቢቶ ጋር አቀበለኝ።

«እነዚያን ፊደሎች ጻፊልኝ» አለ፤ ወደኔ ሳያይ ነው ያለው። «ነገ ጠዋት ሦስት ባለቱርቦ መኪና ቀጥሬያለሁ።»

ጋሊብ ማንንም ሰው ጻፍልኝ ሲል ሰምቼ አላውቅም። «ኤስ ፒ» ብዬ ትልልቅ አድርጌ ጻፍኩለት።